ብርቱካናማው ሰንጢ

«ጫን በይው እንጂ! ሰንጢ ነው እንጂ እንቁላል አይደለም» አሉ አያቷ ኦርቪል።

ሎርና የስለቱን ጀርባ በመዳፏ ገፋችው። ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው እጥፍ ብሎ ወደ እጀታው ተመለሰ። ጣቷ ለጥቂት ተረፈ።

«አየሽ? መቆለፊያ የለውም። አጋዘን ስትበልቺ እጅሽ ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ደሙ እያንሸራተተሽ እንዲህ ቢታጠፍ ጣትሽን ተሰናበቺው።»

ባለሱቁ ዱዌን ከባንኮኒው ወዲያ ሳቁ። «ርካሽ ስጠኝ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ!»

«ርካሽ አልኩ እንጂ ጣት ቆራጭ መች አልኩህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሎርናም ትስቅ ነበር። የአጋዘን አደን ወቅት ቅዳሜ ይከፈታል፤ የአክስቷ ልጅ ካሪን ግን ዘንድሮ አልሄድም ብላለች። ለምን ሲሏት «እኔ ዕቃ እጥላለሁ» ነው መልሷ።

አምና የአያታቸውን የድሮ ሰንጢ የጣለችው ግን ካሪን አልነበረችም። ሁለቱ ልጆች ጫካ ውስጥ የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ ሲያወጡ፣ ሎርና ሰንጢውን ከአንጀቱ ክምር አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እጀታው ቡናማ ነበር፣ የረገፈው ቅጠልም ቡናማ። በረዶ መጣል ሲጀምር አጋዘኑን እየጎተቱ በጥድፊያ ሄዱ። መኪናው ጋ አያታቸው ሰንጢውን ሲጠይቁ ሎርና ደነገጠችና «ካሪን ጋ ነው» አለች።

ካሪን ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ኪሶቿን ደጋግማ ፈተሸች። ከዚያ «ጥዬው ነው መሰለኝ» ብላ አለቀሰች። ራሷም አመነች። ሎርናን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

ዱዌን ሌላ ሁለት ሰንጢ አወጡ። ሁለቱም መቆለፊያ አላቸው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። የአንዱ እጀታ እንጨት፣ የሌላው ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ላስቲክ ነው።

«የእንጨቱን ውሰጂ፣ የኔን ይመስላል» አሉ አያቷ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብርቱካናማው ዕቃ ለሚጥል ሰው ነው። ያቺ ልጅ እሺ ብትለኝ ለሷ እገዛላት ነበር። የሰንጢው ነገር እኮ ከሆዴ ወጥቷል፤ የከፋኝ የሷ መቅረት ነው።»

ሎርና የእንጨቱን አነሳች። ለእጇ ልክ ነው። ከፍታ ጀርባውን ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። አጠፈችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ብርቱካናማውን ነው የምፈልገው፣ አባባ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ጥለሽ ታውቂያለሽ?»

ብርቱካናማውን ጨበጠችው። ቀና ብላ አያቷን ማየት አቃታት።

«ስልክህን ስጠኝ» አለች። «ካሪን ጋ ልደውል ነው። አንተም አብረህ ትሰማለህ።»

ዱዌን የሚሠራው ነገር እንዳለው ሰው ወደ ጓዳ ገቡ። አያቷ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ከሰንጢው አጠገብ አኖሩላት።

ለካሪን መደወል ከተወች ቆይታለች። ቁጥሩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች።