የአርባ አንድ ሰው ትንፋሽ

በታችኛው ዳሎል ሰው ሳንባውን በወገቡ ታጥቆ ሲሄድ ማንም ዞሮ አያይም። ከተማው ከጨው ሜዳው ሥር ሁለት መቶ ሜትር ወርዶ የተቆፈረ ነው። ፖታሽ ሲቆፍሩ ያረጁ ሰዎች ደረታቸው በአቧራ ደርቆ ስለሚያልቅ፣ የጡብ ያህል የሆነ ግራጫ ሣጥን ቀበቷቸው ላይ ይታሰርላቸዋል። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከጎድን አጥንታቸው ሥር ይገባሉ። ሣጥኑ በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ ይተነፍስላቸዋል፤ እነሱም ዳማ ይጫወታሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያንቀላፋሉ። የሽታዬ ወልደትንሣኤ ሥራ እነዚህን ሣጥኖች መጠበቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሆስፒታሉ ስትገባ የሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር መክሊት በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«የጋሽ ሐንፈሬ ሣጥን አሥራ ሦስት ላይ ነው» አለቻት።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናላ።»

«የሁሉም አሥራ ሦስት ነው፣ ሽታዬ። የአርባ አንዱም።»

ሽታዬ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የመጀመሪያውን ሣጥን ስክሪን ከፈተች። እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የዚህ ሞዴል የአገልግሎት ዘመን አብቅቷል። ለደህንነትዎ ሲባል መሣሪያው በየሰዓቱ አንድ ትንፋሽ እየቀነሰ ሥራውን በሰላም ያቆማል። አብረውን ስለቆዩ እናመሰግናለን።»

«በሰላም» የምትለውን ቃል ደግማ አነበበቻት። ጆሮዋ ጋለ። ምትክ ሣጥኖቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ወር ነው። ከአምራቹ ኩባንያ አንድ ሰው ቀኑን አሳስቶ ሞልቶ፣ አርባ አንድ ሰው ሊታፈን ነው ማለት ነው።

ለኩባንያው ደወለች። መጀመሪያ ማሽን አነጋገራት፤ ከዚያ ሌላ ማሽን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዋናው መሐንዲስ ናሁሰናይ በላይነህ መስመር ላይ መጣ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ እሷን ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው እርጋታው ነው።

«ስህተቱን ተረድተነዋል፣ ወይዘሮ ሽታዬ። የዘመን ሰሌዳው በአንድ ወር ተዛንፏል። ሆኖም ትንፋሹን የሚቀንሰውን መቆለፊያ ለማንሳት የደህንነት ኮሚቴው መወሰን አለበት። ሐሙስ ይሰበሰባል።»

«ሐሙስ? ሰባት ሰዓት ላይ እኮ ስምንት ትንፋሽ ላይ ይደርሳሉ! ከስምንት በታች ሰው ራሱን ይስታል። ሐሙስ ማንን ሊያድን ነው የሚሰበሰበው?»

«ታካሚዎቹን አስተኟቸው። እንቅስቃሴ ከቀነሱ...»

«እርስዎ ተኝተው ይሞክሩት!» ብላ ዘጋችው።

ታዲያ ምን ታድርግ? በታችኛው ዳሎል ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው ከቀረ ቆይቷል። ሰው ይናገራል፤ ማሽኑ የተፈቀደለትን ይሠራል። ሽታዬም ለወጉ ያህል የሆስፒታሉን ኮምፒውተር «የሳንባዎቹን መቆለፊያ ክፈት» አለችው። «ይቅርታ፣ ያንን ለማድረግ ፈቃድ የለኝም» አላት፤ በሚያባብል ድምፅ። በጥፊ ልትለው ቃጣት።

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣች። ጥቁር ስክሪን ያለው፣ ኪቦርድ ያለው፣ የማይናገር። በውስጡ ሆስፒታሉ ሲከፈት የተቀመጡ ጥቅሎች እንዳሉ ታውቃለች። ጥቅል የሚባለው፣ ብዙ ፋይሎች በአንድነት ታጥፈውና ተጨምቀው የተቀመጡበት ነው። አንደኛው «ሳንባ ነጂ» ይባላል። ሣጥኖቹ በኩባንያው መቆለፊያ ሥር ከመግባታቸው በፊት ይሠሩበት የነበረው ሶፍትዌር ነው፤ ያውም ገና ማሽን ያልፈጨው፣ ሰው እንደጻፈው ያለ ምንጭ ጽሑፍ። እንዲህ ያለውን ነገር በንግግር የሚታዘዙት ማሽኖች አይሠሩም፤ ሰው ራሱ በእጁ እየጻፈ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ ማዘጋጀት አለበት።

«ፍታ» ብላ ጻፈች። ሦስት መቶ ያህል የፋይል ስሞች ስክሪኑ ላይ ወረዱ። ከመካከላቸው «አንብበኝ» የሚለውን ከፈተች።

«ይህ ነጂ የማንም ንብረት አይደለም። ሣጥኑን በኬብል አገናኝ። ፍታ፣ አሰናዳ፣ ገንባ፣ ትከል። የማንንም ፈቃድ አትጠይቅ። አባቴ ፈቃድ ሲጠብቅ ነው የሞተው።»

ከሥሩ የጸሐፊው ስምና ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ቀን ነበር። ስሙ ናሁሰናይ በላይነህ ይላል።

ሽታዬ ከወንበሯ ተነሳች። ጠዋት በስልክ ያነጋገራት መሐንዲስ ነው። ቁጭ አለችና «አሰናዳ» ብላ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን አንድ በአንድ ይፈትሽ ጀመር። አለ፣ አለ፣ አለ። ከዚያ ቆመ። «የግፊት ሰንጠረዥ አልተገኘም።»

ሰንጠረዡ ሣጥኑ አየሩን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ የሚወስነው ነው። ያለ እሱ በግምት ቢጫን የሰው ሥጋ ይቀደዳል። ሰዓቱ አምስት ሆኗል፤ ሣጥኖቹ አሥር ላይ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ዳማ የሚጫወት አልነበረም።

እንደገና ደወለች። አሁን ወዲያው ተገናኘች።

«ኢንጂነር፣ የሆነ ነገር ላንብብልዎት» አለችና ከላይ እስከ ታች አነበበችለት።

«ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለ ናሁሰናይ። «ኃላፊነት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

«አሁን ነው ያወቁት? ሰዎቹ ከንፈራቸው ጠቁሯል! የግፊቱ ሰንጠረዥ የት ነው ያለው?»

«ወይዘሮ ሽታዬ፣ ይህ ንግግር እየተቀዳ ነው።»

«ይቀዳ! ልጆቻቸው ይስሙት!»

ለረጅም ጊዜ ትንፋሹ ብቻ ተሰማት፤ ያለ ሣጥን የሚተነፍስ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ጥቅል አለ። የአባቴን ስም ነው የሰጠሁት» አለና መስመሩን ዘጋው።

«በላይነህ» የሚለው ጥቅል ከሁሉም ትንሹ ነበር፤ ከታች ተቀብሮ አገኘችው። ፈታችው። መጀመሪያ እሱን ገነባች፤ ከዚያ ወደ ነጂው ተመልሳ «አሰናዳ» አለች። አለ፣ አለ፣ አለ፤ አሁን አልቆመም። «ገንባ» ብላ ስትጽፍ ምንጩ ወደ ማሽን ቋንቋ እየተፈጨ መስመሮቹ ይሮጡ ጀመር። በመሀል ማስጠንቀቂያዎች ወጡ፤ እያንዳንዱን አነበበች። ሥራው ሲያልቅ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ኬብሉን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። የኩባንያው መቆለፊያ የሚጠብቀው በአየር ሞገድ የሚመጣውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በኬብል የሚገባውን አያይም።

«አንድ ሰው መጀመሪያ ሊሞከርበት ይገባል» አለች። «ሲጫን ሣጥኑ ይቆማል።»

«ለስንት?» አሉ ጋሽ ሐንፈሬ። ሠላሳ ዓመት ፖታሽ የቆፈሩ፣ ሽማግሌ አፋር ናቸው። በሁለት ቃል መሀል ያርፉ ነበር።

«ሃያ ሰከንድ። ተሳስቼ ከሆነ ግን ላይመለስ ይችላል፣ ጋሼ።»

ሸሚዛቸውን ራሳቸው ገለጡ። «ይሄ... በየሰዓቱ... ከሚገድለኝ... አንቺ ግደይኝ።»

ሽታዬ ኬብሉን ሰካችና «ትከል» ብላ ጻፈች። ሣጥኑ ጸጥ አለ። ሲስተር መክሊት የሽማግሌውን እጅ ይዛ ትቆጥር ጀመር። ሃያ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ጋሽ ሐንፈሬ አይናቸው ፈጠጠ። ሃያ አራት ላይ ሣጥኑ ቀጭ አለ፤ ደረታቸውም ተነሳ። አሥራ አራት።

ቀሪዎቹን ተራ በተራ አዳረሰች። የመጨረሻዋ ዘሃራ የምትባል ሴት ነበረች፤ ስምንት ሰዓት አልፎ ሲደርሱላት ራሷን ስታ ነበር። ነቃች፤ ግራ እጇ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዘዝ አላት።

አሥር ሰዓት ላይ ናሁሰናይ ደወለ። «ተሳካ?» አለ።

«አርባ አንዱም በሕይወት አሉ። አንዷ እጇ ሞቷል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ልለምንዎት። ስሜን... ከዚያ ፋይል ላይ ያጥፉልኝ። ኩባንያው ምርመራ ይጀምራል።»

የሽታዬ የማለዳ ንዴት ሁሉ ተመለሰ። «አላጠፋም! ያንን የጻፈው ልጅ ሰው ነበር። እኛን ያዳነን እሱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። እሱን የማጥፋት መብት የለዎትም!»

ስልኩን ወርውራ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ተመለሰች። ለሚመጣው ምርመራ መረጃ ይሆን ዘንድ የኩባንያውን ሶፍትዌር ከአንዱ ሣጥን ላይ ቀድታ መፈተሽ ጀመረች። ይህን መቆለፊያ ማን ፈቅዶ እንዳስገባው ማወቅ ፈለገች፤ በስም ልትከሰው።

መዝገቡ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረ ነው። አብሮት ያለው የሆስፒታሉና የኩባንያው ውል ዘጠና ገጽ ነው፤ በሰባ አንደኛው ገጽ ላይ ስለ አገልግሎት ዘመን በግልጽ ተጽፏል። ከሥሩ በሆስፒታሉ በኩል የፈቀደው ሰው ድምፅ ተያይዟል። ከፈተችው።

«እሺ» አለ ድምፁ። የተቻኮለ፣ ሌላ ነገር የሚያስብ ድምፅ። የራሷ ነበር።

ጣቷ «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ሊጽፍ ሄደ። ሁለት ፊደል እንደጻፈች ቆመች። አሁን ናሁሰናይ የለመናት ነገር ይኸው እንደሆነ ገባት፤ በገዛ እጇ ላይ ስታየውም ጠላችው።

ኮምፒውተሩን ተሸክማ ወደ ክፍሉ ሄደች። ጋሽ ሐንፈሬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ድምፁን አሰማቻቸው።

«የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው። እርስዎን ሳልጠይቅ፣ ሳላነብ፣ በእናንተ ሁሉ ስም እሺ ብያለሁ።»

የሽማግሌው ቁጣ ገነፈለ። ስለ ስድስቱ ዓመት፣ ስለዚያ ጠዋት፣ ስለ ዘሃራ እጅ፣ አንብቦ መጻፍ እየቻለ ስለማያነብ ሰው ሁሉ፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ጮኹባት። ሌሎቹ በሽተኞች ከየአልጋቸው ቀና ብለው ይሰሙ ነበር። ሽታዬ እጆቿን አጣምራ ቆመች። አላቋረጠቻቸውም። ረጅም ቁጣ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን ጋሽ ሐንፈሬ ትንፋሽ አንድም ጊዜ አላጠራቸውም።