ያልተጠረገችው የዘይት መንገድ

ጋራዡ የሚመጡት ሾፌሮች ልጅቷን «ወይዘሪት ቀስ በል» ይሏታል። አዲስ የታደሰ ሞተር ይዞ የሚወጣውን ሁሉ በሩ ላይ አስቁማ «ቀስ በል፣ እስኪላመድ አታስሩጠው» ሳትል አትለቅም። ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቃለች፤ ምክሯን ግን አትተውም።

የምትሠራው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። እሷ ደግሞ የተበላ ክራንክሻፍት ማሽን ላይ አስራ እየፋቀች ታለሰልሳለች። ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉ እየዞረ መኪናውን የሚያስኬደው ያ ከባድ ጠማማ ብረት በእሷ እጅ ሲያልፍ መልኩ ይመለሳል።

አንድ ወጣት ሾፌርን ወደ ጋራዡ ያመጣው የሞተር ማንኳኳት ነበር። አትክልት የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ አላስኬድ ብላው፣ እየተገፋች ግቢው ገባች።

«ምን ሆና ነው?» አላት።

«ዘይት ከቀየርክላት ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«እሱን እንኳ ተይው።»

«አልተወውም! ና፣ እየው።» የተፈታውን ዘንግ አዙራ የተቧጨረውን ቦታ አሳየችው። «ይህ ብረትና ዙሪያውን የሚያቅፈው ብሮንዚን መነካካት የለባቸውም። በመካከላቸው ስስ ዘይት አለ፤ ብረቱ እሱ ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። ዘይቱ የጠፋ ዕለት ይበላላሉ።»

«እንደ እኔና እንደ አከራያችን ማለት ነው» አለ ኮስተር ብሎ።

ሳቋ አመለጣት። እሱ ዓይኑን ከሳቋ ላይ አልነቀለም። ብረቱን በመካከላቸው እንደያዙ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን ብሎን፣ አንድ ቀን ምክር ይፈልጋል። እናቱንም ይዟት መጣ፤ ብቻዋን ያሳደገችው፣ ልቧን የሚያማት፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። «ይቺን ልጅ ካስመለጥካት እቤቴ እንዳትገባ» አለችው፣ ልጅቷ እየሰማች።

ክራንክሻፍት ተፍቆ ሲያልቅ ገና ሥራው አላለቀም። በሆዱ ውስጥ ዘይት የሚያልፍባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ፤ የተፋቀው የብረት ብናኝ እዚያ ይሸሸጋል። የእያንዳንዱን መንገድ መድፈኛ ከፍቶ በቀጭን ብሩሽ መጥረግ፣ በናፍጣ ማጠብ፣ በአየር መንፋት የግድ ነው። የእሱን ክራንክሻፍት እያጠበች የመጨረሻዋ መንገድ ላይ ስትደርስ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እናቴ፣ ቤታችን መቼ ነው የምትመጣው ትላለች።»

«ባለፈው መጥቼ የለ?»

«ለመጠየቅ አይደለም። ለመኖር።»

ብሩሹ በእጇ እንዳለ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ «እሺ» ያለችው በጣም ቀስ ብላ ስለነበር «ምን አልሽ?» አለ፣ ደግማ አለችው። ሁለቱም ሳቁ። አባቷ ከውስጥ «ኧረ ያ ብረት የት ደረሰ?» ብሎ ተጣራ። ደንግጣ አየር ነፋችበት፣ በዘይት ለቅልቃ አቀበለችው። የመጨረሻዋ መድፈኛ አልተከፈተችም ነበር። እሷ ግን በደስታዋ ላይ ሆና ይህን አላስተዋለችም።

መኪናዋ ከታደሰች ብዙም ሳይቆይ እናትየው በጠዋት ትንፋሽ አጠራት። ልጇ ጋቢና አስገብቷት ወደ ሐኪም በረረ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ተጣብቆ ቀረ። ሌላ መኪና እስኪደርስ እናቱ እጁ ላይ አለፈች።

ፒክአፗ ተጎትታ ግቢያቸው ስትመጣ እሱ አብሯት አልነበረም። አባትና ልጅ ሞተሩን ፈቱት። መጨረሻ ላይ ያለው ብሮንዚን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። ልጅቷ መድፈኛዋን ስትከፍት ግራጫ ብናኝ መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

አባቷም አየ። እጁን ሲታጠብ ቆየ።

«ልጄ፣ እሱም እኮ አስሩጦታል» አለ በመጨረሻ። «በዚያም ሊሆን ይችላል። ዝም በይ። ለሁላችንም ስትይ ዝም በይ።»

እሱ ቤት ስትሄድ አክስቱ በሩን ከፈተችላት። «ኧረ ግቢ፣ ምናልባት አንቺን ቢሰማ» አለቻት። እሱ በእናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ የእሱ አይመስልም።

«ቀስ በል ብለሽኝ ነበር» አለ። «አልሰማሁሽም። አስሮጥኩት። እናቴን በገዛ እጄ ገደልኳት።»

አጠገቡ ስትቀመጥ እጇን ያዘ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ዝም ብትል የእሷ ነው። ይህን እጅ ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘዋለች፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«አንተ አይደለህም» አለችው።

«ተይ፣ አታጽናኚኝ።»

«አይደለም፣ ስማኝ። አንዷን የዘይት መንገድ ሳልጠርግ ረስቻለሁ። ብናኙ ብሮንዚኑን በላው። በእግረኛ ፍጥነት ብትነዳትም መቆሟ አይቀርም ነበር። እኔ ነኝ።»

እጇን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ልታቅፈው ተነስታ መልሳ ተቀመጠች። አሁን ማቀፍ የእሷ ድርሻ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ። «እኔ እኮ መቼም አላውቅም ነበር።»

«ራስህን ስትረግም ልትኖር ነው?»

«አሁን አንቺን ልርገም?»

«ከቻልክ።»

«አልችልም።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ግን አብሬሽም መኖር አልችልም። ስትስቂ ባየሁ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች።»

«አውቃለሁ» አለች። አልዋሸችም፤ ስትመጣም ታውቅ ነበር።

በር ድረስ ሸኛት። «አይዞሽ» ሲላት ያን ጊዜ እንባዋ ገነፈለ፤ እንዳያይባት ፈጥና ሄደች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ገበያ ላይ አክስቱን አገኘቻት። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ጥላ አቀፈቻት።

«ምን ብለሽው ነው አንቺ ልጅ? ከቀብሩ ወዲህ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም ነበር። አንቺ የሄድሽ ዕለት እንደ ሕፃን ተኛ፤ እህልም ቀመሰ። እባክሽ፣ ተመላልሰሽ ጠይቂው። መድኃኒቱ አንቺ ነሽ።»

«እሺ እትዬ» አለች። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንደማትሄድ ግን ታውቅ ነበር።