በመስኮቱ ስባሪ ላይ የቀረው ደም

ኤቫሪስቶ የሞተው ሳልቶ ከተማ ዳር፣ ብርቱካን በሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ በሚዛኑ ብረት ተፈንክቶ፣ መስኮቱም ተሰብሮ ተገኘ። ነፍሱን ይማረው፤ ሚስቱን የሚደበድብ ቢሆንም የእግዜር ፍጡር ነው። በመስታወቱ ስባሪ ላይ የሌላ ሰው ደም ነበር። በበረኪና ለማጠብ የሞከረም አለ።

ፖሊስ ሚስቱን ማቢላንና ወንድሟን ዳርዊንን አሰረ። ላቦራቶሪው «የወንድና የሴት ደም ድብልቅ ነው» ብሏላ! ማቢላ ጡት ያልጣለ ልጇን ለባሏ አባት ለዶን ኦላሪዮ ትታ ከታሰረች ሁለት ሳምንት ሆናት፤ ነገ ወደ ዋና ከተማው ሞንቴቪዴዮ ወህኒ ልትወርድ ነው።

መርማሪዋ ኔሊዳ የደሙን ውጤት ያወጣውን ሩቤንን ጠራችው።

«ድብልቅ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ዲ ኤን ኤው በበረኪና ተበጣጥሷል፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ቁርጥራጮቹን ግን አንብበን የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በየክሮሞዞማቸው ደለደላቸው። ዋይ የሚባለው የወንድ ክሮሞዞም ላይ ያረፈው ከአንድ ወንድ ከሚጠበቀው ግማሹ ነው። ሴት ተቀላቅላበታለች ማለት ነው።»

«ኤክስ ክሮሞዞሙስ?»

«ኤክሱ ምን ያደርግልኛል? ወንድ የሚታወቀው በዋይ ነው።»

«አይ ሩቤን! ይቺን ሴትዮ በግማሽ ሥራ ነው ያሳሰርካት? በል ተነስ፣ ኤክሱንም አውጣልኝ።»

እሷ ወደ ዶን ኦላሪዮ ቤት ሄደች። ሽማግሌው የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በግራ እጁ እየተቸገረ ትንባሆ ይጠቀልላል። ቀኝ መዳፉ ታስሯል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«መቀስ ነው፤ የብርቱካን ዛፍ ስገርዝ።»

«በግራ ነው የሚገርዙት?»

«ኧረ በቀኝ ነው ልጄ፣ እንደ ሰው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። እስረኞቹም መጡ፤ ዶን ኦላሪዮም ሕፃኑን ታቅፎ። ሩቤን ኮምፒውተሩን ከፍቶ ግራፉን አሳየ።

«ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ ወንድ አንድ» አለች ኔሊዳ። «ሴት ብትቀላቀልበት ኖሮ ዋዩ ሲያንስ ኤክሱ ከፍ ይል ነበር። ኤክሱ ግን የአንድ ወንድ ልክ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሴት የለችበትም። ዋዩ የጎደለበት ወንድ ነው።»

«የት ጣለው? ቁማር ተበላ?» አለ ዳርዊን። ካቴና ውስጥም ሆኖ አፉ አያርፍም።

«ዕድሜ ነው የበላው። አንዳንድ ወንድ ሲያረጅ፣ ይልቁንም የሚያጨስ ከሆነ፣ ደሙ ውስጥ ያሉት ብዙ ሴሎች ዋያቸውን ይጥላሉ። አንተ ገና ጎረምሳ ነህ። በዚህ ቤተሰብ ሽማግሌ አንድ ነው። ዶን ኦላሪዮ፣ መቀስ የያዘውን እጅ እንዴት ይቆርጣል? ደም ቢሰጡን...»

«አያስፈልግም» አለ ሽማግሌው። «‹ማቢላን ዛሬ ሳልገድላት አላድርም› አለኝ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ገፋሁት። ሚዛኑ ላይ ወደቀ፤ እኔም መስኮቱ ላይ። ደሜን በበረኪና አጠብኩት። የገዛ ልጄን...»

ማቢላ ቀና አለች። «ታዲያ እኔ ስታሰር ምነው ዝም አሉ?»

«ሁለታችንም ብንታሰር ሕፃኑን ማን ያሳድገው ብዬ። ለአንቺም ጠዋት ማታ ስጸልይ ነበር።»

«እኔን አሳስረው ለእኔ ይጸልያሉ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ሕፃኑን አቀበላትና እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ማቢላ የብርቱካን ሣጥን ላይ ተቀምጣ ደረቷን ከፈተች። ልጁ አወቃት፣ ተስገብግቦ ያዘ። ጠባ፣ ጠባና ለቆ አለቀሰ። ወተቱ እስር ቤት ሳለች ደርቆ ኖሯል።