አርባ ስምንቱ ትኩስ ጡቦች

ስንቅነሽ በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጎተራው ሆድ ስትገባ ጉልበቷ «ኧረ ተይኝ» አላት። አልተወችውም። ጎተራ ሲባል ታዲያ የእህል አይደለም። ቀን ፀሐይና ነፋስ የሚሰጡትን ኃይል በጡብ ውስጥ አግሎ የሚያኖር፣ ሲመሽ ደግሞ መብራትና ሙቀት አድርጎ ለየቤቱ የሚያከፋፍል የሙቀት ጎተራ ነው። ቆላው በሐሩር ሰው አላኖር ብሎ ሕዝቡ ሳነቴ አምባ ላይ ከተማ ሲቆረቁር፣ የላይ ሰፈር እድርተኞች አዋጥተው ሠሩት። እያንዳንዱ ቤት የአንድ ጡብ ዋጋ አወጣ፤ ጡቡም ላይ የቤቱ ሰው ስም ተቀረጸ።

አሁን ጎተራው ከዳቸው። ገና እራት ሳይቀርብ ሰፈሩ ይጨልማል። የሳነቴ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሕፃናቱ ሁሉ ያስላሉ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እድሩ ተሰብስቦ ጎተራውን ለአንድ ኩባንያ አሳልፎ ሊሰጥ ነው። ስንቅነሽ ብቸኛዋ ጠጋኝ ናት። አራት ዓመት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ያቆየችውን ነገር የባዕድ እጅ ሲገባ ማየት ሞቷ ነው። የሟቹ ባሏ የዳምጤ ስምም እዚያው ጡብ ላይ ነው ያለው።

«ሙቀት የሚያፈስ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም የለም፣ እትዬ ስንቅነሽ» አለ ጸሐፊው።

ጸሐፊ የሚሉት ጎተራውን የሚያስተዳድረውን የሚያስብ ማሽን ነው። ሲሠሩት የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከነቀብሩ ከነለቅሶው እንዳለ አጎረሱት፤ «ደንብ እያለን ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» ብለው። ወይ የእኛ ሰው!

እስከ ዛሬ ቧንቧና ማራገቢያ ስትፈታ ስትገጥም ነው የኖረችው። የኋለኛውን ረድፍ ግን አይታው አታውቅም፤ እዚያ ለመድረስ በደረት መሳብ ይጠይቃል። ተሳበች። ሙቀት የሚያሳየውን መነጽር ዓይኗ ላይ ስታደርግ ክው አለች። የፊተኞቹ ጡቦች ቀዝቅዘው ጠቁረዋል፤ እዚህ ግን አንድ ጥግ ሙሉ ፍም መስሎ ይንቀለቀላል። ቆጠረች፤ አርባ ስምንት ጡብ። መሐላቸው ላይ «ዳምጤ» ይላል።

«ጸሐፊ፣ እነዚህን ለምን አትከፍታቸውም?»

«የለቅሶ ድርሻ ናቸው።»

«የማን ለቅሶ?»

«የአቶ ዳምጤ። ደንብ አሥራ አራት፤ ሐዘን የገባበት ቤት ድርሻው ይቀመጥለት፤ ለቅሶው እስኪወጣ በወር በወሩ ይጨመርለት። ለቅሶው ገና አልወጣም፤ በየወሩ አንድ ጡብ፣ አራት ዓመት።»

ስንቅነሽ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች። ዳምጤ የተቀበረ ዕለት ጎተራው ቆሞ ነበር። ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲጠብቃት «ለቅሶው ይቆየኝ፤ ሰፈሩ በብርድ አይለቅ» ብላ መፍቻዋን አነሳች። በማግስቱ ሌላ ብልሽት መጣ፣ በሳልስቱም ሌላ። ድንኳኑ ተጠቀለለ። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ፈጀው።

«ለቅሶውን ልሰርዘው? የእርስዎ ‹እሺ› ይበቃል» አለ ጸሐፊው።

አንዲት «እሺ» ብቻ ነበረች የቀረቻት። ሰፈሩ ይሞቃል፣ ስብሰባው ይፈርሳል፣ እሷም ነገ ሥራዋ ትገባለች። «አትሰርዘው» አለችና በደረቷ እየተሳበች ወጣች። እንዲህ ደክሟት አያውቅም።

አዳራሹ ስትደርስ ልብሷ አመድ በአመድ ሆኗል። የኩባንያው ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ቡሴር ብዕር እያቀበለ ነበር።

«ጎተራው አልተበላሸም» አለች። «እኔን ነው የሚጠብቀው። የዳምጤን ለቅሶ አልተቀመጥኩም።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ ደረታቸውን መቱ።

«በሞትኩት! አንቺስ አልተቀመጥሽም፤ እኛስ? መብራት ጠፋ ስንል ብቻ አይደል በርሽን የምናንኳኳው? አንድ ቀን ‹እንዴት ነሽ› ብለን ገብተን እናውቃለን?»

ጋሽ ቡሴር ብዕሩን መለሱ። «ስብሰባው ይቅር። ድንኳን አውጡ።»

«ፊርማውስ?» አለ የኩባንያው ሰው።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ፊርማ የለም። አንተም ና፣ ተቀመጥ።»

እሱም ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ቀን እንባ እምቢ አላት። በሁለተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ትከሻ ላይ ተደግፋ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማንም አልቀሰቀሳትም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሽማግሌ «ዳምጤ ሲስቅ ከነሳሉ ነበር» ቢሉ፣ ሳቁ ጆሮዋ ላይ መጣባትና አለቀሰች። አራት ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ ነው፤ ድንኳኑ ሙሉ አብሯት አለቀሰ። ያን ዕለት ማታ አርባ ስምንቱም ጡብ ተከፈተ። የላይ ሰፈር መስኮት ሁሉ በርቶ አደረ።

ሰው ሲሄድላት «ጸሐፊ» አለች በዛለ ድምፅ። «ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግረኝ?»

«ደንቡ ‹ሐዘንተኛን አታቻኩሉ› ይላል።»

እውነቱን ነው፤ ይላል። የጻፉት ሰዎች ናቸው፤ አክብሮ የጠበቀው ግን ማሽኑ ብቻ ነበር። ስንቅነሽ መፍቻዋን በሩ ሥር አስቀመጠችና ነገ ሥራ እንደማትገባ ነግራው ተኛች።