የተጣበቁት ሁለት ገጾች

«ኔሊ፣ አባባ በባዶ እግሩ ነው እንዴ ቆላ የወረደው?»

ዊልሜር የአያታቸውን የጎማ ጫማ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። አምስት ዓመቱ ነው፤ መልስ ሳያገኝ ከቆመበት አይነቃነቅም። ኔሊዳ ቀና ሳትል ድንች መላጧን ቀጠለች።

«ሌላ ጫማ አድርገው ነው።»

«የቱን?»

«አዲሱን።»

«አባባ አዲስ ጫማ የለውም።»

ልክ ነው፣ አልነበራቸውም። ኔሊዳ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አባባ ካሲሚሮ አዲስ ጫማ ሲያደርጉ ያየቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ማክሰኞ ዕለት፣ ገንዘው ሲያስተኟቸው ነበር።

ያን ቀን ዊልሜርን ገና በጠዋቱ አክስቱ ቤት ሰደዱት። ሲመለስ ቀብሩ አልቆ፣ የተዋሱት ወንበር ሁሉ ለየጎረቤቱ ተመልሶ ነበር። እናታቸው ኦርፌሊንዳ «አባባ ሩዝ ሊያጭዱ ቆላ ወርደዋል» አለችው። በዚህ ተራራ ላይ ከዚህ የተሻለ ውሸት አይገኝም። ከመንደሩ ሰው ግማሹ በየዓመቱ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወርዶ ሩዝ ያጭዳል፤ በሁለተኛው ወር ፊቱ ጠቁሮ፣ ከረጢቱ ሞልቶ ይመጣል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ቆላ የወረደ ሰው ይመለሳል። ዊልሜር አባባ የሚያመጡለትን ዕቃ ከረቡዕ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ኳስ፣ ማንጎ፣ ነፍስ ያለው ዓሣ።

«ቅዳሜ ልብሳቸውን ወንዝ ወስደን እናጥባለን» አለች እናቷ፣ ዊልሜር ጫማውን መልሶ ሊያስቀምጥ ሲሄድ። ሰው በሞተ በአምስተኛው ቀን ልብሱ ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ቤተ ዘመድ አይቀርም። «አንቺ ከእሱ ጋር ቤት ትቀሪያለሽ። መጽሐፍ ምናምን አንብቢለት።»

«እኔም መታጠቡ ላይ መሆን እፈልጋለሁ እኮ፣ እማዬ። ለምን እውነቱን አንነግረውም?»

«ገና ሕፃን ነው።»

«እስከ መቼ ነው ቆላ የሚቆዩት ታዲያ?»

«ኔሊዳ!» አለች እናቷ። ኔሊዳ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ማለት የዶን ሰርባንዶ መኝታ ቤት ነው። መጽሐፎቹ ከአልጋቸው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሾቹን ባለ ሁለት ኪስ ከረጢት ውስጥ ከትተው፣ በትከሻቸው አንግተው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ስለ ከብት በሽታ የሚያወራው መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ተጠርዟል። የግጥሞቹ አሁንም አዲስ ናቸው።

«ሥዕል ያለው፣ ሰው የሚሞትበት መጽሐፍ አለ?» አለች ኔሊዳ።

ዶን ሰርባንዶ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «ለትንሹ ነው?»

«ለማየት ነው።»

«ለማየት ከሆነ ሦስት አለ። ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ኔሊዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ፈተና ወረቀት አራሚ አንድ በአንድ አገላበጠች። በመጀመሪያው ሽማግሌው ጥንቸል «ረጅም እንቅልፍ ተኛ» ይላል። ይህን ለዊልሜር ብታነብለት ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አይከድንም። በሁለተኛው አያትየው ኮከብ ሆነዋል። ዊልሜር መሰላል ይጠይቃል፤ ደግሞም ዝናቡ ከገባ ወዲህ ኮከብ ታይቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ስለ አንዲት አሮጊት በቅሎ ነው። እንጨት ስትሸከም፣ ሳር ስትግጥ፣ ልጁ ጭድ መስጠት ረስቶ ሲቆጡት፤ ከዚያ ሰዎች አበባ ይዘው ኮረብታ ላይ ቆመዋል። በቅሎዋ የለችም።

«ገጽ ጎድሎታል» አለች።

«አልጎደለም። ተጣብቆ ነው።» ዶን ሰርባንዶ ወፈር ያለውን ገጽ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «አንዷ እናት በስንዴ ዱቄት ሙጫ ለጥፋ መለሰችልኝ። ልጆቿ እንዳይደነግጡ ብላ ነው አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ልጆቿ እየተፈራረቁ እዚህ መጡ፤ በቅሎዋ የት ሄደች እያሉ።»

«ምን አሏቸው?»

«እናታችሁን ጠይቁ አልኳቸው። ምን ልበል?»

«ለምን አላላቀቁትም?»

«አንድ ቀን አንድ ሰው ያላቅቀዋል ብዬ።»

ኔሊዳ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ውስጡ የሆነ ነገር፣ እግር ይሁን ዛፍ የማይለይ፣ በስሱ ይታያል። መጽሐፉን ሹራቧ ውስጥ ከታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷና ሁለቱ አክስቶቿ ትልቅ የልብስ ጥቅል ተሸክመው ወረዱ። ዊልሜር ጥቅሉን በመስኮት እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ መጥቶ ምድጃው አጠገብ፣ ኩዮቹ ካሉበት ሳጥን ጎን ተቀመጠ። ኩዮቹ፣ ከአይጥ የሚወፍሩት ከጥንቸል የሚያንሱት የጓዳ እንስሳት፣ ሳራቸውን እየቆረጠሙ ያፏጫሉ።

ኔሊዳ መጽሐፉን ከነሙጫው ለማንበብ ወስና ነበር። እናቷ ያዘዘቻት ያንን ነው፤ ጣጣም የለውም። አነበበች። ልጁ ጭድ መስጠት ረሳ፣ ተቆጡት፣ ገለጠች፤ አበባ፣ ኮረብታ።

«በቅሎዋስ?»

«እ... ቀጥላ ትመጣለች።»

«አትመጣም። ሄዳለች።» ዊልሜር ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ መገረም አልነበረም። «በልጁ ተናዳ ነው የሄደችው። ጭድ ረሳ አይደል? እኔም ሰኞ የኩዮቹን ሳጥን ክፍት ተውኩትና ሁለቱ አመለጡ። አባባ ጮኸብኝ። ጠዋት ስነሣ ሄዷል።»

ኔሊዳ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ቻው እንኳን አላለኝም» አለ ዊልሜር፣ የሳጥኑን መዝጊያ እየነካካ። «ሲመጣ ይቅርታ እለዋለሁ። ዓሣውን ባያመጣም።»

አራት ቀን ሙሉ ዕቃ ሲቆጥር ትስቅበት ነበር። እሱ ግን ከዕቃው ሥር ሌላ ነገር ይቆጥር ኖሯል።

ተነሣችና የድንቹን ድስት ከደነች። ውኃው እስኪፈላ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ክዳኑን ገልጣ መጽሐፉን እንፋሎቱ ላይ ያዘችው።

«ልትቀቅዪው ነው?» ዊልሜር አጠገቧ ደረሰ።

«እዚህ ውስጥ ያለውን ልናይ ነው። አትንካው፣ ያቃጥላል።»

ሙጫው ቀስ እያለ ለቀቀ። ጥጉ ላይ ትንሽ ተቀደደ እንጂ ሥዕሉ ደህና ነው። በቅሎዋ ሜዳው ላይ በጎኗ ተጋድማለች፣ ልጁ አንገቷን አቅፏል። ሥሩ ሁለት አጭር መስመር ብቻ ተጽፏል። ኔሊዳ አነበበችው፤ «በቅሎዋ ሞተች። ከእንግዲህ አትነሣም።»

ዊልሜር አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ጎነበሰ።

«ትተነፍሳለች?»

«አትተነፍስም።»

«ዝንብ ቢያርፍባትስ?»

«አይታወቃትም።»

«ጭድ ብንሰጣትስ? ብዙ ጭድ?»

«አትበላም። በጭዱ ምክንያት አይደለም የሞተችው፣ ዊልሜር። አርጅታ ነው።»

ጣቱን በቅሎዋ ሆድ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ኔሊዳ የሚመጣውን ጥያቄ አውቃዋለች። በሩ እዚያው ነው፣ ውኃ ልቅዳ ብላ መውጣት ትችላለች።

«አባባስ?»

«አባባም ሞተዋል» አለች። «ማክሰኞ። ልባቸው ደክሞ ነበር። ቆላ አልወረዱም። የጮኹብህ ስለደነገጡ ነው፤ በኋላ አንተ ተኝተህ ሁለቱንም ኩዮች አልጋ ሥር አገኟቸው። በሆዳቸው ተኝተው እየሳቁ ሲያወጧቸው አይቻለሁ።»

«እየሳቀ?»

«በጣም።»

ዊልሜር ደረቷን በቡጢ መታት። «ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«አዎ፣ አንተን።»

ይህ እንግዳ ነገር ሆነበት መሰል፣ ማልቀሱን ለአፍታ ረስቶ አያት። ኋላ ግን አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። ድንቹ አረረ። ልቅሶው ሲበርድለት አፍንጫውን በእጅጌው ጠራርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እነ እማዬ የወሰዱት የአባባን ልብስ ነው?»

«አዎ፣ ሊያጥቡት ነው።»

«ሞቷል አላልሽም? ማን ሊለብሰው?»

ኔሊዳ ሰው በሞተ ቁጥር ልብሱ ሲታጠብ አይታለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«እኔንጃ» አለች። «ና፣ ሄደን እንጠይቅ።»

ቁልቁለቱን ተያይዘው ወረዱ። ኔሊዳ በመንገዱ ሁሉ ለእናቷ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። አክስቶቿ ቀድመው አዩአቸው፤ ሳሙና የያዘው እጃቸው ቆመ። እናቷ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ የአባባን ፖንቾ፣ ያን ወፍራም የሱፍ ካባ፣ ይዛለች። ቀና ብላ መጀመሪያ ያበጠውን የዊልሜርን ዓይን፣ ቀጥሎ ኔሊዳን አየች።

«ነግሬዋለሁ» አለች ኔሊዳ።



«እማዬ፣ የሞተ ሰው ልብስ ለምንድነው የሚታጠበው?» አለ ዊልሜር።

የራሰው ፖንቾ ከብዶ የእናቱን ክንድ ወደ ውኃው ይጎትተዋል። ብቻዋን ልትጠመዝዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«በኋላ አስረዳሃለሁ» አለች። «አሁን ያን ጫፍ ያዝና ጠምዝዝ።»

«ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

ኔሊዳ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው። ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና፣ ዊልሜር የያዘውን ጫፍ አብራው ልትይዝ ውኃው ውስጥ ገባች።