የቤአት አሥራ ሁለት ምልክቶች

ቤአት ጽቢንደን ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ፣ በክሊኒኩ ጓሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት በነርሷ ፊት ጭኑን ወጋ፤ እንደ ደንቡ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። በኋላ ጓደኛው ኮቢ «ተነስ እንጂ፣ ሙሽራ!» ብሎ ትከሻውን ሲነካው ወደ ጎን ዘነበለ።

ክሊኒኩ ሌላ ሕክምና ያልያዘላቸውን ሃያ ሱሰኞች በቀን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ሄሮይን በልክ እየሰጠ በሕይወት ያቆያል። ነገሩን ሳያይ የሚፈርድ በከተማችን ሞልቷል። የጤና ቢሮውም የሞቱ ምክንያት እስኪታወቅ በሩ ይዘጋ አለ። የከሰዓቱ መርፌ በአሥር ሰዓት ነው። ያ ካለፈ ሃያዎቹ ባቡር ጣቢያ ሄደው ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዱቄት መግዛታቸው አይቀርም። ከወዲሁ በሩ ላይ ተሰብስበው ይቁነጠነጣሉ።

ኮሚሳር ሬጉላ አምሽቱትስ በስምንት ሰዓት ደረሰች። አጭር፣ ፈጣን፣ ወግ የማታውቅ ሴት ናት።

«ኮቢ ነው» አለ ዶክተር ሉዚ ሳትጠይቀው። «ክኒን ይሸጣል። የሆነ ነገር ሰጥቶታል።»

«አይተዋል?»

«አላየሁም። ግን ቤአት የእኛን መድኃኒት አራት ዓመት በዚሁ መጠን ወስዶ ምንም አልሆነም።»

«የሰጠሁት ሲጋራ ነው!» ጮኸ ኮቢ። ያዛጋል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። «መርፌ የሚታደልበት የጠዋቱ መስኮት ተዘግቶብኝ ቡና ልጠጣ ሄድኩ፣ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሬጉላ የሟቹን ጭን አየች፣ ኪሱን ፈተሸች። የባቡር ቲኬትና ያልተከፈተ የክኒን እሽግ አወጣች።

«ሲስተር ቭሬኒ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ለክፉ ቀን የምንሰጣቸው ነው። መምጣት ካልቻሉ በመርፌው ፈንታ ይውጡታል፤ ሰውነታቸው መድኃኒቱን እንዳይረሳ።» ነርሷ እሽጉን አገላበጠችው። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

ሬጉላ መዝገቡንና ግድግዳው ላይ ያለውን የነርሶች የሥራ ተራ ሰሌዳ አየች፣ ስልክ ደወለች፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሦስቱን ሰበሰበች። ውጭ አንድ ሰው በሩን በጡጫ ይደበድባል።

«ሰዎቹ እየጠበቁ ስለሆነ አላስረዝምም። መዝገቡ ላይ ቤአት ባለፉት ስድስት ቀናት አሥራ ሁለት ጊዜ ተወግቷል የሚሉ አሥራ ሁለት ምልክቶች አሉ። ጭኑ ላይ ያለው አዲስ ቀዳዳ ግን አንድ ነው፤ የዛሬው። ሌሎቹ ድነዋል። ቲኬቱ ወደ ሉጋኖ ከተማ ነው። እዚያ ያለች ልጁ ጋ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ሠርጓ ነበር።»

ሉዚ ብድግ አለ። «ስድስት ቀን የቀረ ሰው እኮ ከትንሽ መጠን ነው የሚጀምረው! የድሮው ይገድለዋል!»

«ቤአት የፈራው ከትንሽ መጀመሩን ነው፤ ወደ መጠኑ እስኪመለስ ሳምንታት ይሰቃያል። ስለዚህ መጥቷል ብሎ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። ያ ሰው የባልደረቦቹን ተራ ሁሉ ወስዶ ስድስቱንም ቀን፣ እሑድን ጨምሮ፣ ሠርቷል። እሑዷን ለሥራ የምትሰጥ ነርስ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም፣ ሲስተር።»

«በየቀኑ ድርሻውን እየቀዳሁ መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት» አለች ቭሬኒ። «አሳዘነኝ። ክኒኑን እውጣለሁ ብሎ ማለልኝ። ዛሬም ስጠይቀው ‹ዋጥኩት› አለኝ። ለምን አልዋጠውም?»

የሬጉላ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ጉንፋን ነው እያለ ቀናት ሙሉ በላብ ተጠምቆ ተኛ። ቅዳሜ ግን ምንም ሳያደነዝዘው ተነስቶ ከልጁ ጋር ጨፈረ። ‹አባቴን እንደዚያ ቀን ነቅቶ አይቼው አላውቅም› አለችኝ።»

ኮቢ በእጅጌው ፊቱን ሸፈነ።

ሬጉላ ለጤና ቢሮው ደውላ የገደለው የውሸት ምልክት እንጂ መድኃኒቱ እንዳልሆነ አስረዳች። ቭሬኒ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፤ መስኮቱ ጋ ዶክተሩ ራሱ ቆመ። ተራው ከኮቢ ጀመረ።

«ይቅርታ፣ ኮቢ» አለ ሉዚ፤ መዝገቡን አይቶ ሙሉውን መርፌ አቀበለው።

ኮቢ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቭሬኒን አየና መልሶ ሰበሰበው።

«አራት ቀን ወንድሜ ቤት ነበርኩ» አለ። «ክኒኔንም ሸጬዋለሁ። የእኔም ምልክት ውሸት ነው፣ ዶክተር። ቀንሱልኝ።»