አዲስ ሽፋን ያለው ካርድ

ሟቹ ቡአውን ቀዶ ጥገና በተደረገለት በማግሥቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለሕመም ማስታገሻ የታዘዘለትን የቀትሩን ኮዴይን ውጦ ተኛ፤ በዚያው አሸለበ። የዐይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ ነበር። ሐኪሙ ገልጦ አየና «ነርሷ ከመጠን በላይ ሰጥታዋለች» አለ። የሟች ወንድም ይህን ሲሰማ ነርሷን በሰው ፊት «ገዳይ!» አላት።

ሐኪሙ ቁስል ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አስቆለፈባት። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ፍርግርግ አለበት። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ክኒን አዛብታ አታውቅም። ብትቆጥር ብትቆጥር ሁለት ፍሬ ነው። ግን ማን ያምናታል? ከበሩ ውጭ የዘቡ ጫማ ሲንቋቋ ሰማች።

የፖሊስ መርማሪዋ ገባች። ፖሊሶቹ «እትዬ ዝግታ» ይሏታል፤ በሐሜት እንጂ ፊት ለፊት አይደፍሩም።

«ስንት ሰጠሽው፣ ልጄ?»

«ጠዋት ሁለት፣ ቀትር ሁለት። ዶክተር እንዳዘዘው ነው። ከፋርማሲ ሃያ ወጣ፤ አሥራ ስድስቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።»

መርማሪዋ ቆጠረች። አሥራ ስድስት ሆነ።

«ከሌላ ቦታ አምጥታ ቢሆንስ?» አለ ሐኪሙ ከበሩ። «መሳቢያዋን መቁጠር ምን ይረባል? ላም ባልዋለበት ኩበት አንልቀም!»

መርማሪዋ የሟቹን የሕክምና ካርድ አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ ከዚያ ኮሪደር ላይ የተቀመጠውን ወንድም ጠራችው።

«እርስዎም እዚህ ነው የሚታከሙት?»

«እዚሁ ነው። አምና ሁለታችንንም ሳል ይዞን ሽሮፕ ተሰጠን። እኔ ቀኑን ሙሉ ተኛሁ፤ እሱንማ ውሃ ደፍተንበት ነው የነቃው። ይኸው ዶክተር ደማችንን አስመረመረና ‹ካርዳችሁ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አታስቡ› አለን።»

መርማሪዋ ወደ ካርድ ክፍል ወረደች። ስትመለስ ሁሉንም እዚያችው ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸውና በሩን ዘጋች።

«ሲስተር የሰጠችው ልክ ነው» አለች። «ልክ ያልሆነው ለእሱ የታዘዘው ልክ ነው። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ገብቶ ሞርፊን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ ይሆናል። የአንዳንድ ሰው ጉበት ግን በተፈጥሮው ይቸኩላል፣ ባንድ ጊዜ ብዙ ሞርፊን ያወጣል፤ ያችው ሁለት ፍሬ መርዝ ትሆንበታለች። የመድኃኒቱ መጠን በተወሰነበት በፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ ሰው ከመቶ ጥቂት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ነው። ከዘር የሚወረስ ነው። ያ ሽሮፕም ኮዴይን ነበረበት።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?» አለ ሐኪሙ።

«እርስዎ ያውቃሉ። የሟቹ ካርድ ወረቀቶች ሁለት ጊዜ በስቴፕለር የተወጉበት ምልክት አላቸው፤ ሽፋኑ ግን አዲስ ነው፣ የተወጋው አንዴ ብቻ። አሮጌውን ገንጥለው ጥለዋል። የወንድምየውን ካርድ ግን ረሱት።»

ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም «ኮዴይን አይሰጥ። ወንድሙም እንዲሁ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የሐኪሙ ፊርማ አለ።

ሐኪሙ የማከሚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ወረፋው ብዙ ነበር… መድኃኒቱን ሳዝዝ ሽፋኑን አላየሁም። ያየሁት ከሞተ በኋላ ነው።»

«አለማየት ስሕተት ነው» አለች መርማሪዋ። «እሷን አስቆልፎ ሽፋን መቀየር ግን ስሕተት አይባልም።»

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ግን አልወጣችም፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኮዴይን አይሰጥ» ብላ ጻፈችና ለወንድምየው ዘረጋችለት።

«ከኪስዎ አይለዩት። ለልጆችዎም ይንገሯቸው።»

ወንድምየው ተቀበላት። «እኔ እኮ ገዳይ ብዬሻለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ነርሷ፤ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እስኪከተው ድረስ ቆማ ጠበቀችው።